በተዘጋው በር ውስጥ የሚፈላው

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራዋን ስትለጥፍ ኮላ አለቀባት። ሱቅ ከምወርድ ብዬ የፉርኖ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ጣድኩላት፤ ሳላስበው ጥቂት ፍሬ ቅርንፉድም ጣል አደረግኩበት። መንተክተክ ሲጀምር ያ ሽታ መጣ። ልጅቷ ከሳሎን ሆና "ገንፎ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሳቄ መጣ። በዚችው ጥያቄ የተነሳ አንዲት ቤተ መጻሕፍት ልትዘጋ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሀርጌሳ ነው፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ረመዳንና ፍልሰታ ነሐሴ ላይ በተገጣጠሙበት ዓመት። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። አባቴ በርበራ ወርዶ ልስን ይሠራል፤ እማዬ ከቤታችን ማዶ ያለ ዳቦ ቤት ታጸዳለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እማዬ ወሩን ክረምት ትለዋለች እንጂ ጭቃ የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው ቀኑን ሙሉ አቧራ እያነሳ ዓይን የሚሞላ ነፋስ ነው።

እማዬ ጎረቤት ምግብ ሲልክላት ሳህኑን አጥባ ትመልስና ሳምንቱን ሙሉ "ምን ሊጠይቁኝ ይሆን" ስትል የምትከርም ሴት ናት። ሰው ክፉ ሲያደርግባት አይገርማትም፤ ደግ ሲያደርግላት ነው እንቅልፍ የምታጣው። በሰው አገር መኖር እንዲህ አደረጋት እንዳልል፣ አባቴ ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች ይላል። እኔም በሷ ወጣሁ። በር ገርበብ ሳይል ጥርቅም ብሎ ካየሁ፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ሳላውቅ አላርፍም።

ስለዚህ በነፃ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ተከፈተ ሲባል ሁለታችንም የጠረጠርነው ወዲያው ነው። ቤቱ ሐጂ ጃማ የሚባሉ ሽማግሌ የሲሚንቶ ነጋዴ ከሱቃቸው ጎን ያለች፣ ያለ ኪራይ የሰጧት አንዲት የመጋዘን ክፍል ናት። የሰጧት ሰሃራ ለምትባል ሴት ነው። ሰሃራ ሱማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ የተማረች፣ አማርኛዋ ከኛ የሚፈጥን። ልጆቹ ሁሉ "ኤዶ" ይሏታል፣ አክስቴ እንደማለት፤ እኔም እንደነሱ አልኳት። እማዬ ግን "የኛን ቋንቋ እንዲህ የምታቀላጥፍ ሴት እኛን ምን ልታደርገን ትፈልጋለች?" አለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ በበኩሉ፣ ሐበሻ መሀል ያደገች ሴት ምን ሃይማኖት ይኖራታል ይል ነበር። ከሁለቱም ወገን አልዳነችም።

መደርደሪያዋ ብሎኬት ላይ የተጋደመ፣ ሲሚንቶ የደረቀበት የግንባታ ጣውላ ነው። መጻሕፍቱ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው በካርቶን ታጭቆ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ፣ ሽፋኑ እንደ ሰሌዳ የጠነከረ፣ ማንም የማያነበው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፦ በረዶ ላይ መኪና ስለመንዳት፣ በሌላ አገር ስለሚከፈል ግብር፣ ከዓለም ስለጠፋ የኮምፒውተር ፕሮግራም። ሌላው ልጆቹ የሚሻሙበት ነው፦ የሱማልኛ ተረት፣ የሂሳብና የሳይንስ መማሪያ፣ ከጅግጅጋ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ እየለመነች ያጠራቀመቻቸው ጥቂት የአማርኛ መጻሕፍት። እነዚህኞቹ ሽፋናቸው ተገንጥሎ ሆዳቸው ተዘርግፏል። አዲስ የምትገዛበት አቅም የላትም። ስለዚህ የማይነበበውን ቆዳ ገፍፋ ለሚነበበው ታለብሰዋለች።

ይህን ግን ማን ነገረኝ። መጀመሪያ ቀን በረዶ ውስጥ የቆመች መኪና ያለችበትን ሽፋን ስገልጥ፣ ውስጡ በአማርኛ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይተርካል። ደነገጥኩ። ጅቡን ከማን ደብቃው ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር ዞር ማለቴን አስታውሳለሁ።

ለመዋስ መታወቂያ አትጠይቅም ነበር። የሱማሌ ልጅ ፊቷ ቆሞ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ ሽቅብ ይወጣል፤ አንድ የምታውቀው ስም ላይ ሲደርስ "በቃ፣ አወቅኩህ" ትለዋለች። መጽሐፉ ቢጠፋ የትኛውን አጎት ሄዳ እንደምትጠይቅ ገባት ማለት ነው። ተራዬ ሲደርስ የአባቴን ስም አልኩ፣ የአያቴን አልኩ፣ ከዚያ በላይ አላውቅምና ቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። ኤዶ ሰሃራ ሳትስቅ እናቴ የት እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ዳቦ ቤት አልኳት። "በቃ፣ አወቅኩሽ" አለችና ጅቡን ሰጠችኝ።

ያን ለት እማዬ ማማሰያዋን ከእጇ አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ። "ስማችንን እስከ አያትሽ ቆጥረሽ፣ የሥራ ቦታዬን ጨምረሽ ሰጥተሽ መጣሽ?" መጽሐፉን ገልብጣ አየች፣ ሽፋኑን በጣቷ እያንኳኳች አዳመጠች፣ ምን እንደጠበቀች እንጃ። ከዚያ እኔ እየተንተባተብኩ ሳነብ ሰማችኝና ማማሰያዋን መልሳ አነሳች። ትምህርት ቤት የምማረው በሱማልኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደል ከእጄ እየወጣ ነበር። አንድ ቀን "ሹ"ን ከ"ሺ" መለየት ሲያቅተኝ አይታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አልቅሳለች። ለዚህ ስትል ጥርጣሬዋን ዋጥ አደረገችው። አልተወችውም፣ ዋጠችው።

ከጊዜ በኋላ ኤዶ ሰሃራ በኔ በኩል መልእክት ላከች፦ ዳቦ ቤቱ ማታ ማታ ከወለል ላይ ተጠርጎ የሚጣል ዱቄት ካለው፣ ይሰጣት እንደሆነ። እማዬ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እንዲያውም ቀለላት። "ይኸው፣ ጠየቀች" አለችና የሳምንታት ሸክም እንደወረደላት ሰው ተነፈሰች። ባለቤቱን አስፈቅዳ ዱቄቱን በፌስታል ማምጣት ጀመረች፤ መንገድ ላይ ያየ ሰው ሰርቃ ነው እንዳይላት ግን ከሻርፗ ስር ደብቃ ነበር የምትይዘው። በምላሹ እሷም አንድ ነገር ለመነች። የፀሎት መጽሐፏ ጀርባው ተበጣጥሷል፤ ይጠገንላት፣ ላዩ ግን ምን እንደሆነ የማያስታውቅ ይሁን።

ከዚያ ረመዳን ገባ፤ ፍልሰታም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ኤዶ ሰሃራም ከቀትር በኋላ በሩን መዝጋት ጀመረች።

በረመዳን በር ተዘግቶ ምን እንደሚደረግ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ ሰው ሁሉ እየፆመ ምድጃ አላነድድም ብላ በቀን ማብሰል አቁማለች፤ የሷ ፆምም እስከ ማታ ሆኗል። እኔን ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩን ቆልፋ፣ መስኮቱን ጋርዳ፣ ደረቅ ዳቦ ትሰጠኛለች። ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ አላምጣለሁ። የተዘጋ በር ማለት ለኔ ዳቦ ማለት ነበር።

አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በነበረች ስንጥቅ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ኤዶ ሰሃራ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ትንሽ ብረት ድስት በእንጨት ታማስላለች። ነጭ፣ ወፍራም፣ ፍልቅ ፍልቅ የሚል ነገር ነው። ቅርንፉድ ይሸታል። ድንገት ጣቷን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ ያየሁት ይኼን ነው፤ እንዳቃጠላት፣ ጣቷንም እፍ እንዳለች ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ግን ከልቤ አዘንኩባት። ዳቦዬን እኔም ደብቄ ነው የምበላው፣ ግን እኔ ልጅ ነኝ፣ ሃይማኖቴም ሌላ ነው። እሷ ምን ሆነች? ለማንም አልተናገርኩም። የኔ መናገር ግን አላስፈለገም፤ ነፋሱ ሽታውን በጓሮ መስኮት አውጥቶ ወደ ሆዳን ያደርሰው ነበር።

ሆዳን ከመጋዘኑ ጀርባ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት ጀምራ ዘይቷን ጥዳ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪል ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ሳትቀምስ ሊጥ ስትዳምጥ የምትውል ሰው አፍንጫዋ አይዋሽም፤ ዱቄት እሳት ላይ ሲሆን ታውቃለች። ደግሞም ዓይን አላት። በየቀኑ አንዲት ሐበሻ ከሻርፗ ስር የሆነ ነገር ደብቃ ወደ ተዘጋው በር ስትገባ፣ ባዶ እጇን ስትወጣ ታያለች። አንዱን ከአንዱ ደመረችው።

በፍልሰታ መጨረሻ ላይ ነበር። እኔ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ማታ እፆማለሁ ብዬ ድርቅ ብያለሁ፤ የሰፈሩ ልጆች በምላስ ሲፎካከሩ ከነሱ ላንስ አልፈለግኩም። የፆመ ልጅ ምላሱ ነጭ ይሆናል ይባላል፤ አውጥቶ ያሳያል። እማዬ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጥታ ነበር፣ ዱቄቱን ይዛ፣ ለኛ ማፍጠሪያም ዳቦና አንድ የፕላስቲክ ውሃ ገዝታ። ገና ከመግባታችን በሩ ተደበደበ።

ሐጂ ጃማ ናቸው፣ ከኋላቸው ሆዳን። ሐጂ ወጣት ሳሉ በጅግጅጋና በሐረር መንገድ የጭነት መኪና ስለነዱ አማርኛ ይችላሉ፤ እኛ እንድንሰማቸው ሲፈልጉ ይናገሩታል። ያን ቀን ፈልገዋል። ድስቱን አዩት፣ ምድጃውን አዩት፣ የእማዬን ፌስታል አዩት። ክፍሏን ለልጆች እውቀት ብለው እንደሰጡ፣ ፆም መፍቻ እንድትሆን ግን እንዳልሰጡ ተናገሩ። ኤዶ ሰሃራ ኮላ ነው አለች። ሽታው ፆመኛውን እንዳያስቸግር ብላ ነው በሩን የዘጋችው፤ ነፋሱም ገጾቹን ይበትንባታል። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። ሆዳን ኮላ ቅርንፉድ አይገባበትም አለች። ብል እንዳይበላው ነው ብትባልም የብል ወሬ ማንም አልሰማም።

ማን ይቅመሰው? ሁሉም ፆመኛ ነው። ሆዳን በጣቷ ወደኔ ጠቆመች፦ ትንሿ ሐበሻ ትቅመሰው፣ እሷን ረመዳን አያገባትም።

እማዬ ሰው ፊት ቆማ ስትከራከር አይቻት አላውቅም ነበር። ከፊቴ ገባችና፣ "ልጄ ፆመኛ ናት" አለች።

"የምን ፆም?" አሉ ሐጂ።

"የኛ ፆም።"

ሐጂ ወደኔ ጎንበስ አሉ። ምን እንደምል ጨነቀኝና ምላሴን አውጥቼ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና ቀና አሉ። "ለኛ ጭቅጭቅ የልጅ ፆም አይፈታም" አሉ። "እዚሁ እቀመጣለሁ። መግሪብ ሲል እኔው እቀምሰዋለሁ። ምግብ ከሆነ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ።"

የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ሆዳን ትንሽ ቆማ አየች፣ ግን ያ ሰዓት ገበያዋ ነው፤ ዘይቷ ሳይቃጠል ብላ ሄደች። አራታችን ቀረን። ኤዶ ሰሃራ ምን ታድርግ፣ ኮላው ሳይረጋ ሥራዋን ቀጠለች፤ ገጽ ትቀባለች፣ ሽፋን ትገጥማለች፣ ብሎኬት ትጭንበታለች። እኔ ማልቀስ ይዳዳኛል። ጣውላ ላይ ተሰድረው የሚደርቁትን እያየሁ፣ ነገ ወደ ካርቶን ሲመለሱ፣ እኔም ፊደሌን ረስቼ እማዬ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ይታየኛል።

ሐጂ እጃቸው ሥራ ሲፈታ መጽሐፍ ማንሳት ጀመሩ። የመጀመሪያው ላይ የግብር ጽሑፍ ነው፣ ገለጡት፣ የሱማልኛ ተረት። ግንባራቸው ተቋጠረ። ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ውስጡ ሂሳብ። "ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ" አሉ ለራሳቸው፣ እና ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ይመረምሩ ጀመር፣ ጉምሩክ ላይ ሻንጣ እንደሚፈታ ሰው። የእማዬን ዓይን ተከትዬ ሳይ አንዱን ትንሽ መጽሐፍ አፍጥጣ እያየች ነው። የቀይ መኪና ምስል ያለበት ነው። ሐጂ እጃቸውን ወደሱ ዘረጉ።

ገለጡት። የኛ ፊደል፣ የማርያም ስዕል፣ በአበባ የተከበበ መስቀል። ሰፈሩ ሲጠረጥር የነበረው ነገር ሁሉ እጃቸው ላይ ነው ያለው፣ በመኪና ሽፋን ተጠቅልሎ።

"የኔ ነው" አለች እማዬ። "ላዩ እንዳይታወቅ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ የጠየቅኳትን ነው ያደረገችው።"

"ለምን እንዳይታወቅ?"

እማዬ ቀጥ ብላ አየቻቸው። "እርስዎ አሁን እንደሚያዩኝ እንዳልታይ።"

ሐጂ መጽሐፉን ዘጉት። ያነሱት ከመሬቱ አጠገብ ከነበረው ጣውላ ነው፤ ወደዚያ አልመለሱትም። ተነስተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ከላይኛው ጣውላ ላይ ከሌሎቹ በላይ አስቀመጡት። በነሱም በኛም ዘንድ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት እግር ስር አይቀመጥም። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ለምን እንደጠረጉ ዛሬም ድረስ አላውቅም፤ ኮላ ነክቷቸው ሊሆን ይችላል።

ጀንበሯ ወረደች። ከሩቅ አንድ መስጊድ ጀመረ፣ ተከትሎ የቅርቡ፣ ከዚያ ሁሉም። ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው ወደ ድስቱ ዘንበል አሉ፣ ግን ቆም አሉ። በማያውቁት ነገር ፆም አይፈታም። "ውሃ ስጪኝ፣ መጀመሪያ" አሏት።

ኤዶ ሰሃራ ተነሳችና ቆመች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ውሃ ያለው ኮላው በሚበጠበጥበት የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው፣ ብሩሽ ተነክሮበት፣ ነጭ ሆኗል። ብርጭቆ የለም። ሲኒ የለም። ሳህን የለም፣ ማንኪያ የለም፤ ድስቱን የምታማስልበት እንኳ የጣውላ ስንጣሪ ነው። እሷ ራሷ ሁልጊዜ ወደ ቤቷ እየሮጠች ነው የምታፈጥረው። ሐጂም እኩል ክፍሏን ዞረው አዩ፣ ቀስ ብለው፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን። ሰው ተደብቆ የሚበላበት ቤት ቢያንስ አንድ ሲኒ ይኖረዋል። ይህን ማንም አልተናገረውም፣ ግን ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት።

እማዬ ከፌስታሏ የኛን ውሃ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ሐጂ ተቀበሉ። ከመክፈታቸው በፊት ግን ጠርሙሱን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው ክዳኑን አዩት፤ ቀለበቱ እንዳልተበጠሰ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጠመዘዙት። ቀጭ አለ። ጠጡ፣ ግማሹን ለኤዶ ሰሃራ አቀበሏት፣ እሷም ጠጥታ ለኔ። ከዚያ ሐጂ በጣታቸው ጫፍ ከድስቱ ነካ አድርገው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እፍኝ ጨው ነበረበት፤ እሱም ብል ለመከላከል ነው። ፊታቸው ተጨማደደ፣ መሀረባቸውን አውጥተው ተፉበት፣ ለረጅም ጊዜም አፋቸውን ጠረጉ።

"በሩን ክፈቺው" አሏት ሲወጡ። "ከነገ ጀምሮ ክፍት ይሁን። ይሽተታቸው።"

በማግስቱ በሩ ተከፈተ፤ ሆዳን ግን ሽማግሌውን አብልተዋቸው ነው አለች። እስከ ረመዳን መጨረሻ ከዚህ አልተነቃነቀችም።

ሐጂ ኮላውን በቀመሱ ዕለት ማታ ከእማዬ ጋር ዳቦውን እየተካፈልን ወደ ቤት ሄድን። ወደ በራችን ስንቃረብ፣ "ክዳኑን ሲያዩት አየሻቸው?" አለችኝ።

"አየሁ" አልኳት። ልትሰድባቸው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ልቤም ትስደባቸው ብሎ ነበር።

ቁልፉን ከጡቷ ስር አውጥታ በሩን ከፈተች። "እኔም ብሆን አየው ነበር" አለች።

በማግስቱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስትልከኝ ከዱቄቱ ጋር አንድ ጠርሙስ ውሃ ጨመረችበት፣ መግሪብ እዚያ ለሚደርስበት ሰው። ልወጣ ስል ከበሩ ጠራችኝና፣ አደራ፣ ክዳኑን እንዳትነኪው አለችኝ።